ከኬጂ በፊት ልጆች ነርሰሪ ውስጥ ምን ይማራሉ? ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ነርሰሪ የሚያስገባ ወላጅ ጥያቄው አያልቅም። ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ከታች ያሉት በር ላይ፣ በስልክ፣ አንዳንዴም ልጁ እግር ላይ ተጠምጥሞ እያለቀሰ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። የምናወራው ከኬጂ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው 3 እና 4 ዓመት ስለሆናቸው ልጆች።

ለመሆኑ ነርሰሪ ውስጥ ምንድን ነው የሚማሩት?

ከሰው ጋር መዋልን ይማራሉ። የተሰማቸውን በቃል መናገርን፣ ማዳመጥን፣ ተራ መጠበቅን፣ እጃቸውን እንደፈለጉ ማዘዝን ይማራሉ። ፊደልና ቁጥርም አለ። ግን እነሱ የሚመጡት በዚህ ሁሉ ላይ ተደርበው ነው። ይህን የምለው ፊደልን ለማሳነስ አይደለም። አንድ የ3 ዓመት ልጅ መጫወቻውን ሲነጠቅ በመንከስ ፈንታ «የኔ ነው፣ መልስልኝ» ማለት ከቻለ፣ የዚያን ዓመት ትልቁን ትምህርት ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

«ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው «ተጫወትኩ» ነው የሚለኝ። የምከፍለው ለጨዋታ ነው እንዴ?

ልጁ እውነቱን ነው የነገራችሁ። በዚህ ዕድሜ ትምህርቱ ያለው ጨዋታው ውስጥ ነው።

ሁለት የ4 ዓመት ልጆች በእንጨት ብሎኮች ድልድይ ሲሠሩ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። መኪናዋ ከሥሩ ማለፍ አለባት። አትገባም። «አጭር ነው» ትላለች አንዷ። ሌላው ረጅም እንጨት ፈልጎ ያመጣል። አሁን ደግሞ አንዱ ምሰሶ ከሌላው ስለበለጠ ከላይ ያለው ጣውላ ተንሸራትቶ ይወድቃል። ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱን እንጨቶች ጎን ለጎን አቁመው ይለካሉ። ሌላ ያመጣሉ። መጨረሻ ላይ መኪናዋ ታልፋለች። ማንም ሰሌዳ ላይ አልጻፈላቸውም፤ ግን ርዝመትን፣ እኩል መሆንን፣ ሚዛንን ነክተዋል። ተነጋግረዋል። ሲፈርስ ጥለው አልሄዱም። መምህሯም በዚህ መሐል ሥራ አልፈታችም። እንጨቶቹን በርዝመታቸው ለይታ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ሲጨቃጨቁም ቀረብ ብላ «የትኛው ነው የሚረዝመው? እንዴት እናውቃለን?» ብላ ትመለሳለች።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የትንንሽ ልጆች ማስተማሪያ ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው። ለልጆቹ ያዘጋጀላቸው መማሪያም ኳስ፣ ሲሊንደርና የእንጨት ኪዩብ ነበር።

ቤት ሲመጣ «ምን ተማርክ?» ለእሱ ከባድ ጥያቄ ነው። «ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን ሠራችሁ? ያናደደህ ነገር ነበር?» በሉት። ያኔ ወሬው ይፈታል።

ልጄ ከሌሎቹ ጋር አትጫወትም። አጠገባቸው ሆና ለብቻዋ ነው የምትጫወተው። ችግር አለባት?

በ3 ዓመት ይህ የተለመደ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን ነርሰሪ ውስጥ ልጆችን እየተከታተለች ያየችውን እ.ኤ.አ. በ1932 አሳትማለች። ትንንሾቹ ብቻቸውን ወይም ጎን ለጎን ሆነው መጫወት ያበዛሉ። ሚና ተከፋፍሎ፣ አንዱ ሐኪም አንዱ በሽተኛ ሆኖ አብሮ መጫወት ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ጎን ለጎን የምትጫወተው ልጅ ዝም ብላ አይደለም ያለችው፤ ታያለች፣ ትኮርጃለች፣ ትሰማለች። አንዳንድ ልጅ ደግሞ ዓይነ አፋር ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ግድ «ሂጂ ተቀላቀያቸው» ብሎ መግፋት አይረዳም። አንድ የምትግባባት ልጅ ከተገኘች ይበቃል።

ፊደል ለምን በቶሎ አያስጽፏቸውም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ረዘም ይላል።

ማንበብ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ልጁ ፊደሉን ከማየቱ በፊት ቃል በድምፅ የተሠራ መሆኑን መስማት አለበት። ስለዚህ ነርሰሪ ውስጥ ቤት የሚመቱ መዝሙሮች ይዘመራሉ። የልጆቹን ስም እየጠሩ ማጨብጨብ አለ፤ «ሣ-ራ» ሁለት ጭብጨባ፣ «ዳ-ዊት» ሁለት። «በ‹ማ› የሚጀምር ነገር ማን ያመጣልኛል?» ተብሎ ልጆቹ ክፍሉን ያስሳሉ፤ አንዱ ማንኪያ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ኳስ። ኳስ ያመጣችው ልጅ «ተሳሳትሽ» አትባልም፤ አይቆጧትም። «ኳስ... ማንኪያ... ስሚው እስቲ» ትባላለች። ለእናንተ ተራ ጨዋታ ይመስላል። ንባብ የሚቆመው ግን በዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዓይን ነው። ልጁ የራሱን ስም ማንጠልጠያው ላይ፣ ሥዕሉ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ደጋግሞ ያያል። አብዛኛው ልጅ መጀመሪያ የሚለየው ጽሑፍ ስሙን ነው። መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚገለጥ፣ የሚነበበው ሥዕሉ ሳይሆን ጽሑፉ መሆኑን የሚያውቀውም ያኔ ነው።

እጅ ከሁሉም ይዘገያል። የሰው የእጅ አንጓ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉት። 3 ዓመት በሆነው ልጅ ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት ገና አጥንት ሆነው አልጠነከሩም፤ ለስላሳ ናቸው። ሥዕሉንም እዩት። ልጆች በአብዛኛው ክብን አይተው መሳል የሚችሉት 3 ዓመት አካባቢ ነው፤ መስቀለኛ መስመር 4 ዓመት ላይ፣ አራት ማዕዘን ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ 5 ዓመት አካባቢ ይመጣል። ሰያፍ መስመር ገና ያልተገራለትን ልጅ ሰያፍ ያለበትን ፊደል ገጽ ሙሉ ጻፍ ማለት የማይችለውን መጠየቅ ነው። የሚማረው ነገር ቢኖር «እኔ አልችልም» ማለትን ነው። የ3 ዓመት ልጅ ደብተር የሚሞላ የቤት ሥራ ሲሸከም ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ታዲያ እጁ እስኪጠነክር ምን ይሠራል? የመጫወቻ ሊጥ ይጨምቃል፣ ይጠቀልላል። ዶቃ በክር ይሰካል። ወረቀት ይቀዳድዳል። ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ይጨምቃል። በሕፃናት መቀስ ወረቀቱን ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል፤ መስመር ተከትሎ መቁረጥ 4 ዓመት አካባቢ ይመጣለታል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የልጆች ቤቷን ከፈተች። በእሷ ዘዴ ልጆች እርሳስ ከመያዛቸው በፊት ከብርጭቆ ወረቀት የተሠሩ ፊደላትን በጣታቸው ይከተላሉ። ጣቱ መንገዱን ያውቀዋል፤ እርሳሱ በኋላ ይደርሳል።

ልጁ ራሱ «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ከጠየቀ ግን ንገሩት። ስሜን ልጻፍ ካለ አሳዩት። የጠየቀን መከልከልም ልክ አይደለም።

እስከ 20 ይቆጥራል። ሒሳብ ችሏል ማለት ነው?

ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል መጥራት ችሏል፤ ጥሩ ጅምር ነው። መቁጠር ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ ልጅ ቆጠረ ለማለት ምን ምን ማወቅ እንዳለበት ለይተው አሳይተዋል። ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት አለበት። የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል መለዋወጥ የለበትም። መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር ማወቅ አለበት። ከየትኛው ዕቃ ቢጀምር ድምሩ እንደማይለወጥም እንዲሁ።

ሦስተኛው ነው የሚያስቸግራቸው። አንዷን ልጅ ኩባያ አስቆጥሯት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!» ትላለች፣ በጣቷ እየነካች፣ ሳትሳሳት። «ስለዚህ ስንት ኩባያ አለ?» ስትሏት እንደገና «አንድ፣ ሁለት...» ብላ ትጀምራለች። «ሦስት ስጪኝ» ብትሏት ያፈሰችውን ሁሉ ትሰጣችኋለች። ቁጥሩን መጥራት ታውቃለች፤ «ሦስት» ግን ገና ብዛት አልሆነላትም። ወራት ይፈጃል። አንድ ቀን ግን ቆጥራ ትጨርስና «አራት ናቸው» ትላለች።

ይህን ለማስተማር ወረቀት አያስፈልግም። ምግብ ሲቀርብ ልጁ ማንኪያ ያድል። አንድ ለአንዱ። «ለሁሉም በቃ? ስንት ጎደለ?» ቤትም ውስጥ ያው ነው፤ ደረጃ ስትወጡ፣ ካልሲ ስታጥፉ፣ ብርቱካን ስትከፍሉ። እስከ 100 ከመሸምደድ እስከ 5 በደንብ ማወቅ ይበልጣል።

ለምን አያካፍልም? ራስ ወዳድ ሆኖብኛል።

ራስ ወዳድ አይደለም፤ የሌላውን ሐሳብ ማየት ገና እየተማረ ነው። ይህን የሚያሳይ ታዋቂ ሙከራ አለ። ሃይንስ ቪመርና ዮሴፍ ፔርነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ነው። በተረቱ ውስጥ አንድ ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥና ይወጣል። እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሳጥን ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ የት ነው የሚፈልገው? የ3 ዓመት ልጆች በአብዛኛው ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቦታ ያመለክታሉ። እነሱ የሚያውቁትን እሱም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። 4 ዓመት ካለፉ በኋላ ግን ብዙዎቹ «የተወው ቦታ ይፈልጋል» ማለት ይጀምራሉ።

«እሷ ታዝናለች» የሚለው ምክርም ለ3 ዓመት ልጅ ወዲያው የማይገባው ለዚሁ ነው። ነርሰሪ ውስጥ ቃሉን እናቀብላቸዋለን፦ «ስትጨርስ ለኔ ትሰጠኛለህ?» በል። የያዘውም እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ከእጁ ነጥቆ «አካፍል» ማለት ንጥቂያን ነው የሚያስተምረው። ተራ ለመጠበቅ የአሸዋ ሰዓት ትልቅ እርዳታ ነው። አሸዋው ሲወርድ ያያሉ፤ ተራቸው እንደሚደርስ በዓይናቸው ያምናሉ።

ቁጣም እንዲሁ ነው። መሬት ላይ ወድቆ የሚጮህ ልጅ በዚያ ሰዓት ምክር አይሰማም። መጀመሪያ አጠገቡ ሁኑ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስሜቱን በስሙ ጥሩለት፦ «ተናደሃል። መሄድ አልፈለግክም።» ወሬው ሲረጋጋ ይደርሳል።

ጠዋት ጠዋት ስለየው ያለቅሳል። ላስቀረው?

በቶሎ አታስቀሩት። አብዛኞቹ ልጆች ወላጅ ከሄደ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ጨዋታ ይይዛሉ። ሦስት ነገር አድርጉ። ሳይሰናበቱ ሹልክ ብሎ መጥፋት የለም፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእናንተ ላይ አይነቅልም። ስንብቱ አጭር ይሁን፤ በር ላይ ደርሶ መመለስ ለቅሶውን ያራዝመዋል። መቼ እንደምትመጡም እሱ በሚገባው ንገሩት። «9 ሰዓት ላይ» አይገባውም። «ከተኛህ በኋላ፣ መክሰስ ስትጨርሱ» ይገባዋል። ያላችሁትንም ጠብቁ። ሳምንታት አልፈው ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚከፋው፣ የማይበላ፣ እንቅልፉ የተረበሸ ከሆነ ግን ከመምህሯ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ።

ዳይፐር ሳይተው መግባት ይችላል?

እንደ ነርሰሪው ነው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሽንት ያመለጠውን ልጅ ማሳፈር ግን የትም ቦታ መኖር የለበትም። ትርፍ ልብስ አስይዙት፣ ነገሩ ያበቃል።

ቤት ሌላ ቋንቋ ነው የምንናገረው። ግራ ይጋባል?

አይጋባም። ልጆች ሁለት ቋንቋ አብረው መማር ይችላሉ። አንዳንዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢቀላቅሉም ጤነኛ ነገር ነው። የቤታችሁን ቋንቋ አትተዉት። በደንብ በምትችሉት ቋንቋ ብታወሩት፣ ተረት ብትነግሩት፣ ብትቀልዱለት ነው የሚጠቅመው።

ቤት ምን እናንብብለት? ያንኑ መጽሐፍ ደጋግሙልኝ እያለ አሰለቸን።

ደጋግሙለት። ሲደጋገም ነው ቃላቱ የሚገቡት፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ገምቶ መናገር የሚጀምረው። እያነበባችሁ ቆም በሉና «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?» በሉት። አንዳንድ ቀን ደግሞ መጽሐፉን ለእሱ ስጡትና በሥዕሉ እየተመራ ይተርክላችሁ።

ስልክና ቲቪስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ቢቀንስ ይመረጣል። በዚያው መመሪያ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚህም 60ው ጠንከር ያለ ሩጫና ዝላይ እንዲሆን፣ እንቅልፍ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲደርስ ይመከራል። በእኔ እምነት ከሦስቱ የሚዘነጋው እንቅልፉ ነው። ያልተኛ ልጅ በማግስቱ አይማርም።

ነርሰሪ ባይገባስ? ቤት ቢውል ምን ያጣል?

የሚያወራው፣ የሚያጫውተው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር የሚያገናኘው ሰው ካለ ቤትም ብዙ ይማራል። ኬጂ ሲገባ የሚከብደው ብዛት ውስጥ መዋሉ ነው፤ እሱም በጊዜ ይለመዳል።

ከዚህ ጋር አንድ የምወደው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ ከተማ ውስጥ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 58ቱ ፔሪ የተባለ ጥሩ ነርሰሪ ገቡ፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይሠሩ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ በአእምሮ ፈተና በልጠው ታዩ። ብልጫው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። ነገር ግን 40 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሲከታተሏቸው ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትም፣ የተሻለ ደሞዝ ያላቸውም፣ በፖሊስ እምብዛም ያልተያዙትም ይበልጡን ነርሰሪ የገቡት ሆነው ተገኙ። የፈተና ነጥቡ ሲጠፋ የቀረው ምንድን ነው? ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ ከሰው ጋር መሥራት ነው ይላሉ ውጤቱን እንደገና የመረመሩ ብዙ ተመራማሪዎች። እኔም ከክፍል ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው።

ጥሩ ነርሰሪ በምን ይታወቃል?

ልጆች ባሉበት ሰዓት ሂዱና ቆማችሁ እዩ። መምህራኑ ከልጆቹ ጋር ሲነጋገሩ ጎንበስ ብለው ዓይን ለዓይን ነው ወይስ ከሩቅ እየጮሁ? ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ አዋቂ የሠራቸው ናቸው፤ የተለያዩና የተዘበራረቁ ከሆኑ ልጆቹ የሠሯቸው ናቸው። መጫወቻው ልጆቹ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ ለእይታ ከፍ ብሎ የተሰቀለ? ሽንት ቤቱን ግቡና እዩት። አንዲት መምህርት ስንት ልጅ እንደምትይዝ፣ መምህራን ቶሎ ቶሎ ይለቁ እንደሆነ ጠይቁ።

ልጅ የሚመታበት፣ የሚሰደብበት ወይም በክፍሉ ፊት የሚዋረድበት ቦታ ከሆነ ፊደሉን የቱንም ያህል ቢያስተምሩ አውጡት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ መሰለኝ። መቼ ነው ሐኪም ማየት ያለበት?

ልጆች እኩል አያድጉም፤ የጥቂት ወራት ልዩነት አያስደነግጥ። ነገር ግን 3 ዓመት ሞልቶት የማያውቁት ሰዎች ንግግሩን በአብዛኛው የማይረዱት ከሆነ፣ 4 ዓመት ሆኖት አራት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር የማይሠራ ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም ከሰው ጋር ዓይን የማይገጥም ከሆነ ሐኪም ይየው። ጆሮውም ይመርመር፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ «የማይታዘዝ» ተብሎ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። በፊት ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ። «ያድግበታል» እያሉ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል፤ እርዳታ በቶሎ ሲጀመር ነው የበለጠ የሚሠራው።

ኬጂ ሲገባ ምን ቢችል ጥሩ ነው?

ከወላጁ ተለይቶ መቆየት። ሽንት ቤት እንደፈለገ መናገርና ራሱን ማጽዳት። ጫማና ጃኬቱን ማድረግ፣ ዚፑን አንድ ሰው ቢጀምርለትም እንኳ። ሁለት ነገር በተከታታይ ሲታዘዝ መፈጸም፦ «ቦርሳህን ስቀልና እጅህን ታጠብ።» አጭር ተረት ተቀምጦ ማዳመጥ። አልገባኝም፣ አመመኝ፣ እርዱኝ ማለት። ስሙን ተጽፎ ሲያየው መለየት፣ ጥቂት ዕቃዎችን መቁጠር። ይህን ሁሉ ባንዴ ካልቻለ ኬጂ አይገባም ማለት አይደለም፤ የሚቀረውን እዚያ ይማረዋል።

ኬጂ እስኪከፈት ባለው ዕረፍት ምን እናድርግ?

መጽሐፍ ገዝታችሁ ክፍል አታድርጉት። ከቻላችሁ አዲሱን ትምህርት ቤት አንድ ቀን አሳዩት፤ መግቢያውን፣ መጫወቻ ሜዳውን፣ በተለይ ሽንት ቤቱን። የምሳ ዕቃውን ራሱ መክፈትና መዝጋት ይለማመድ። ጫማ ስትገዙለት ክር የሌለው ይሁን። የመኝታ ሰዓቱንም ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቀስ በቀስ ቀደም እንዲል አድርጉት።